ከኢተያ ዳገት እስከ መተሐራ ሜዳ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ መንገድ ልሻገር ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና ባጃጆቹ መሐል ተቀርቅራ ፊቴ ቆመች። ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ እንደገባ ሳላስበው «ጠግባለች» አልኩ። ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል፤ አጠገቤ የቆመች ተማሪ «ምን አሉኝ አባት?» ብላ ዞረች። «አንቺን አይደለም ልጄ፤ መኪናዋን ነው። ቤንዚን በዝቶባታል» አልኳት። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እኔ መኪናዋ ከሄደች በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ድሮ እንጀራዬ ነበር። አሁን ከተማው ድምፅም ሽታም በሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየተሞላ ነው፤ ከኋላህ እንደ ድመት ይመጡና ክላክስ ሲያደርጉ ነው የምትበረግገው። ጋራዤ የነበረበት ግቢ ራሱ ዛሬ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሆኗል። የተከራየው ሰው ደግ ነው፣ በሄድኩ ቁጥር ወንበር ያወጣልኛል፤ ተቀምጬ የማዳምጠው ነገር ግን የለም።

እንደዚያ እንደቆምኩ ነው ጫልቱ ያገኘችኝ። ጫልቱ የቶሎሳ ሚስት ናት። ቶሎሳ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ሰው ነው። ገበያ ውላ ስትመለስ አየችኝና ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ «ጋሽ ሰይፉ! አካም ጂርቱ? እርስዎ ነዎት ወይስ ዓይኔ ነው?» አለችኝ። «ፈያ፣ ፈያ» እያልኩ ሳምኳት። ሸብታለች። «ቶሎሳስ?» አልኳት፤ ስሙን ከአፌ ካወጣሁት ስንት ዘመኔ። «አለ፣ ጡረታ ወጥቷል። ጆሮው ግን እምቢ አለ፤ የፋብሪካው ጩኸት ጨረሰው። የጎረቤት ሞተር ሳይክል ሲበላሽ እንኳ እንደ ድሮው አያዳምጥም፤ መዳፉን ያሳርፍበትና በሽታውን በእጁ ያውቃል።» ከዚያ ዘንቢሏን አንስታ «ይምጡ እንጂ፤ ወንጂ እኮ ሩቅ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከአዳማ ወንጂ በሚኒባስ አንድ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን አልሄድኩም።

ያኔ አዳማ ከባጃጅ ይልቅ የጋሪ ፈረስ ይበዛባት ነበር። ማኪያቶ በሁለት ብር ይጠጣል፣ በአንድ ብር ሁለት ሳምቡሳ ይገኛል፤ ሳምቡሳው ደግሞ ዛሬ እንደሚሸጠው አየር የተሞላ አልነበረም፣ ምስሩ እስከ ጫፉ ነበር። ከጋራዤ ፊት ለፊት አንድ የካሴት ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ሲዲ የሚባል ነገር መጣ ሲባል «ያልፋል» ብሎ እስከ መጨረሻው ካሴት ሲገለብጥ የኖረ ግትር ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ የትዝታ ዜማ ይከፍታል፣ ፀሐዩ ሲከር ወደ አርሲ ዘፈን ያዞራል፤ እኛም መፍቻችንን በዜማው ልክ ነበር የምናዞረው። ቅዳሜና እሁድ ወደ ሶደሬ የሚወርዱ ሙሽሮች ይመጡ ነበር። የሠርግ መኪና ሁልጊዜ ውሃ ያፈላል፤ ከመኪናው አቅም በላይ ሰው ስለሚጫንበት ነው። አንድ ጊዜ ሙሽራዋ በነጭ ቬሎዋ የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀምጣ እኔ ኮፈኑ ውስጥ ገብቼ ስሠራ፣ ሚዜዎቹ አጠገቤ እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ ትዝ ይለኛል። እንደዚያ ያለ ጊዜ ነበር።

እኔ የካርቡሬተር ሰው ነበርኩ፤ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ዕቃ በጆሮና በአፍንጫ ነበር የማስተካክለው። ከባቱና ከአርሲ ነገሌ የእህል ነጋዴዎች ፒካፓቸውን ይዘው እኔን ብለው ይመጡ ነበር። ጠፍጣፋ መፍቻዬን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዲቷን ብሎን ሩብ ዙር ወዲህ ሩብ ዙር ወዲያ ሳደርጋት ሞተሩ ልክ ሲገባ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። በዚህ እኮራ ነበር። ከልክ በላይ እኮራ ነበር ብል ይሻላል። ቶሎሳ የሁሩታ ገበሬ ልጅ ነው፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሶ፣ የመንግሥት ጋራዥ ሠርቶ፣ አለቆቹን ሰልችቶ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። በዕድሜ ሁለት ዓመት ብበልጠው ነው። ሰማያዊ ቱታውን በየሳምንቱ ሐሙስ አጥቦ የሚተኩስ መካኒክ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላየሁም። «ወዴት ነው ሽማግሌ ልትልክ?» ብዬ አሾፍበት ነበር። እሱ ደግሞ ካርቡሬተር የሌላቸው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ መኪናዎች ሲመጡ ፊቴ ሲጠቁር እያየ «ሰይፉ፣ አፍንጫህን ጡረታ አውጣው» ይለኝ ነበር። ተቃቅፈን እንስቅ ነበር።

ቶሎሳ አንዲት ቀይ፣ ሁለት በር የጃፓን መኪና ነበረችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሠራት ናት። የራሷን ሞተር አውጥቶ የበለጠ ጉልበት ያለው ሰካላት፤ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ በእጁ ሞረደ፤ አየር በአንድ በር መግባቱን ትቶ ከወደቁ ሞተር ሳይክሎች በፈታቸው አራት የአየር በሮች እንዲገባ አደረገ። ቤንዚኑን የሚያዘው ደግሞ አንድ ነጋዴ ከዱባይ በሻንጣው ያመጣለት የኮምፒውተር ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ባዶውን ነው የመጣው፤ ለዚያ ሞተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያስፈልግ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። ከእሱ ጋር የሚያያዘው ላፕቶፕ ሲከፈት አንድ ሠንጠረዥ ይወጣል፤ የተማሪ ደብተር ጀርባ ላይ ያለውን የማባዣ ሠንጠረዥ ያየ ሰው ያውቀዋል። በቁመት የሞተሩ ዙር፣ በአግድም የአየር በሮቹ ምን ያህል እንደተከፈቱ። በእያንዳንዷ የሠንጠረዡ ቤት አንድ ቁጥር አለች፤ ቁጥሯ «ይህን ያህል ቤንዚን ርጭ» የምትል ትእዛዝ ናት። ካነሰች ሞተሩ ይራባል፣ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከበዛች ይጠግባል፣ ይጨሳል፣ ይሰንፋል።

ሌላው አገር ይህን የሚሠሩት መኪናውን አስረው በሚያስሮጡበት ማሽን ላይ ነው አሉ። የእኛ ማሽን የአሰላ መንገድ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ከአዳማ ወጥተን፣ መልካሳን አልፈን፣ ከዴራ በኋላ ወደ ኢተያ ሽቅብ የሚያስይዘው ዳገት ስንደርስ ሥራ እንጀምራለን። አንዳችን ይነዳል፤ በአንድ ማርሽ፣ እግርን አንድ ቦታ አንቆ ይዞ፣ ዳገቱ ሞተሩን እንዲታገል መተው ነው። ሌላው ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጭስ ማውጫው ውስጥ የተሰካው መለኪያ የሚለውን እያየ «ራበው!» ወይም «ጠገበ!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ ጥግ ይዘን እንቆማለን፣ ቁጥሯን እንነጋገርባታለን፣ ከተስማማን እንቀይራታለን። ይህ ሕጋችን ነበር፤ ሁለታችን ሳንስማማ አንዲት ቁጥር አትነካም። ዳገቱን ስንት ጊዜ እንደወጣነው አላውቅም። በሬ የሚነዱት የኢተያ ልጆች «እነ ተመላላሽ መጡ» ይሉን ነበር። ስንዴው ከአረንጓዴ ወደ ወርቅ ሲዞር ከመስኮቱ እያየን ነው ያ ሠንጠረዥ የተሞላው። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ጠዋት አላሳለፍኩም። ያኔ ግን አላወቅኩትም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተግባባንም። ሽቅብ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት። ቆላ ስትወርድ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩም የበለጠ ቤንዚን ይፈልጋል። የቶሎሳ ሳጥን ይህን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም፤ የሚያውቀው በሮቹ ምን ያህል እንደተከፈቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎሳ ሙሉ ቤንዚን ሲረገጥ የሚሠሩት የሠንጠረዡ ቁጥሮች ውስጥ ትርፍ ትቶ ነበር። ኢተያ ላይ ያንን ትርፍ አፍንጫዬ ያውቀዋል፤ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ስፈታት ጥላሸት ለብሳ ትወጣለች። «ይሄ ብክነት ነው» ስለው «ለቆላው ነው ሰይፉ፣ ለቆላው ተወው» ይለኛል። ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ባለሀብት የቀይዋን መኪና ዝና ሰምቶ ሊያያት ቀጠሮ ያዘ። ለውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ጋራዥ ሊከፍት ነው፣ ኃላፊ አድርጎ የሚቀጥረው ሰው ይፈልጋል። ቀጠሮው መተሐራ ሜዳ ላይ ሆነ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ መኪናዋ የልቧን ትሮጣለች ተብሎ። ቶሎሳ ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጣ። «ከተሳካ አንተን ይዤ ነው የምሄደው፤ አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ አፍንጫህ ይወዳታል» አለኝ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሁድ እናቱ ታማበት ቶሎሳ ሁሩታ ሄደ። ቁልፉን እኔ ዘንድ ተወ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ነጠላዬን ወንበር ላይ ጥዬ፣ ብቻዬን ቀይዋን አስነስቼ ኢተያ ወጣሁ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ሰውየው ሲያያት ጥቁር ጭስ እንዳትተፋ ብዬ ነው፣ ለእሱው አስቤ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን አፍንጫዬ ከኮምፒውተሩ እንደሚበልጥ ላሳየው ፈልጌ ነው። ጥግ ይዤ ላፕቶፑን ከፈትኩና ከእነዚያ ቁጥሮች ቀነስኩ። ዳገቱን መልሼ ስወጣው መኪናዋ በረረች። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ስቲሪንጉን በመዳፌ መታሁት። ለቶሎሳ አልነገርኩትም። ሜዳው ላይ ስትበር ፊቱን አይቼ «እኔ ነኝ» ልለው ነበር።

እሱ በቀይዋ፣ እኔ በጋራዡ ፒካፕ ከኋላው ሆነን መተሐራ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እሳት ይጋረፍ ነበር። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላ በኩል ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መሐል መንገዱ። ባለሀብቱ ክሬም ሱፍ ለብሶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጥላ ፈልጎ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቶሎሳ የተተኮሰ ቱታውን ለብሷል። ሁለት ጊዜ አለፈ፤ ሰውየው ከመኪናው ወጥቶ ቆመ፣ ፈገግ አለ። በሦስተኛው ሙሉ ቤንዚን ረግጦ ሲመጣ ድምፁን ሰማሁት። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ። ራባት። ከማንም በፊት አወቅሁ። እጄን አንስቼ «ልቀቀው! ልቀቀው!» እያልኩ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ከዚያ አንድ ነገር ጧ አለና ከኋላዋ ነጭ ጭስ ተነሳ። ሞተሩ ውስጥ ፒስተን ቀልጦ ተበስቶ ነበር።

ቶሎሳ ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሶ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አቀርቅሮ ተቀመጠ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ላቡ ስክሪኑ ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌው ይጠርገዋል። ባለሀብቱ መጥቶ «ምንድን ነው የሆነው?» አለ። ቶሎሳ ላፕቶፑን ዘጋና «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆላውን በደንብ አላሰብኩበትም» አለው። ሰውየው «አይ ወንድሜ» ብሎ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አፌ ነበር፣ ምላሴ ነበር። የመጎተቻ ገመድ ላመጣ ወደ ፒካፑ ሄድኩ።

እስከ አዳማ በገመድ ጎትቼው ተመለስን። እኔ ፊት በፒካፑ፣ እሱ ከኋላ የሞተችው መኪና ውስጥ። በመስታወቱ በኩል ፊቱ ሙሉ መንገድ ይታየኛል። ወለንጪቲ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ «ሰይፉ፣ የምትለኝ ነገር አለ?» አለኝ። የማጽናኛ ቃል የጠበቀ መስሎኝ «ምን እላለሁ፣ የእግዜር ሥራ ነው፤ አይዞህ» አልኩት። «እሺ» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ለጥቂት ሳምንታት መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ። መቀለዱን ተወ፤ ቱታውም መተኮሱ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ እንዳገኘ ነግሮኝ ዕቃውን ሰበሰበ። ቀይዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣት። እኔ ምን አደረግሁ? በር ላይ ቆሜ ሸኘሁት። ከዚህ የባሰም አድርጌያለሁ፤ ልጻፈው። ደንበኞች «ያቺ ቀይ መኪና ምን ሆነች?» ሲሉኝ «ኮምፒውተሩ በላት! ሞተር በእጅ እንጂ በጽሕፈት መኪና አይሠራም አላልኩም?» እያልኩ ሰው አስቅ ነበር። የካሴት ሱቁ ሰውዬ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር። በኋላ ራሴም ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ሠንጠረዡን ተማርኩ፣ ብዙ መኪና አስተካከልኩ። ሁሉም ላይ ለቆላው ትርፍ እተዋለሁ። ቁጥሯን በነካሁ ቁጥር ጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ይሰማኝ ነበር።

ጫልቱን ባገኘኋት በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የወንጂ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሸንኮራው ዛሬም በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። የቶሎሳን ቤት ያሳየኝ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሰው ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ የውሃ ፓምፕ ፈታቶ ነበር። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል። ቀና ብሎ አየኝ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ተነሳ። «አካም ጂርታ፣ ሰይፉ» አለኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ክርኑን ይዤ አልለቀው አልኩ።

ጫልቱ ሻይ አመጣች። ስለ ልጆች ተነጋገርን፣ ስለ ጉልበት በሽታ ተነጋገርን፤ እኔ ስጮህ እሱ ግማሹን ሲሰማ። ከዚያ ወንበሬን አስጠጋሁና ሃያ ዓመት ያዘልኩትን በለሆሳስ ጀመርኩ። «ቶሎሳ፣ ያን ጊዜ መተሐራ...» ስል፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ጮክ በል፣ አልሰማህም» አለኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አልሰማህም!» አለ። አንዲት ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ነው፤ ሁለት ወጣቶች አጥሩ ሥር ቆመው ስልክ ያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚባለው ተሸሽጎ ነበር። መሸሸጉን ግን ሃያ ዓመት አየሁት። ተነስቼ ቆምኩና ባለ በሌለ ድምፄ «እሁድ ዕለት! አንተ ሁሩታ ሳለህ! ብቻዬን ኢተያ ወጥቼ ቁጥሮቹን የቀነስኩት እኔ ነኝ! ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። ሴትየዋ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። ወጣቶቹ ዞሩ። ጫልቱ ግን አልደነገጠችም፤ የሻይ ብርጭቆውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችው። እሷም ታውቅ ነበር።

ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ቶሎሳ የፓምፑን ክዳን አነሳና በመዳፉ አሻሸው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ የእኔማ እየወረደ ነው።

«እዚያው ሜዳው ላይ ነው ያየሁት» አለ፤ የራሱ ድምፅ በልኩ ስለማይሰማው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «ፋይሉ የተቀየረበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል። እሁድ ይላል። በሰውየው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው የእኔ ነው ያልኩት። መንገድ ላይ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ወለንጪቲ ላይ ጠየቅሁህ። ከዚያ በኋላም ጠበቅሁ።»

«ለምን አልሰደብከኝም? ለምን አልመታኸኝም?» አልኩት እየጮህኩ።

«አንተ ካልነገርከኝ በምን ልቆጣህ? ብትነግረኝማ እቆጣ ነበር። እስከ ማታ እቆጣህና በማግስቱ አብረን ቴስታታውን እናወርድ ነበር።»

«እስከ ማታ ብቻ?»

የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። ክዳኑን ፓምፑ ላይ መለሰና ብሎኑን በጣቱ ማሰር ጀመረ።

«እስከ ማታም ተቆጥቼ አልቆይም ነበር» አለኝ።